የሞንትጎመሪ የፌዴራል ፍርድ ቤት፤ ስለ ሕንፃው አገላለጽ የቀረበ ሒስ

በአሜሪካ የአላባማ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በሞንትጎመሪ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ተሠርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ዓ.ም. ነው። ንድፉ የከተማው አርክቴክት የፍራንክ ሎክውድ ሲሆን፥ ሕንፃው ፖስታ ቤትንና ችሎትን በአንድ ጣራ ሥር አጣምሮ እንዲይዝ የታሰበ ነበር። የሥነ ሕንፃ ጸሐፊዎች የኢጣልያን የህዳሴ ዘመን ስልት መልሰው ካመጡት ሕንፃዎች ወገን ይመድቡታል።

ምደባው ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ሕንፃው ምን እንደሚመስል እንጂ ምን እንደ ሠራ አይናገርም። ሕንፃው በቆመበት ጊዜ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ጥቁሩን ከነጩ በትምህርትም በጉዞም ይለይ ነበር። ስለዚህ የፊት ገጹ ግርማ ብቻውን ለፍትሕ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ግርማ ለማናቸውም ሕግ ማደሪያ ይሆናልና።

እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. ኦሬሊያ ብራውደር፥ ክላውዴት ኮልቪን፥ ሱዚ ማክዶናልድና ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝ የተባሉ ጥቁር ሴቶች በከተማው አውቶቡስ ስለሚደረገው ልዩነት ያቀረቡት ክስ በዚህ ሕንፃ ተሰማ። ጁን 5 ቀን ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ልዩነቱ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ሲሉ ፈረዱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ኖቬምበር 13 ቀን ፍርዱን አጸናው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውን ተረት ለሚያውቅ አንባቢ፥ የአንዲት መቀመጫ ነገር ለዚህ ሁሉ ድንጋይ የሚያንስ ጉዳይ አይሆንበትም።

ይሁን እንጂ ሕንፃውን በድሉ ብቻ መግለጽም ጉድለት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. ሜይ 20 ቀን በአጠገቡ ባለው የግሬይሀውንድ አውቶቡስ ጣቢያ፥ ጥቁርና ነጭ ሆነው አብረው የመጡት የነፃነት ተጓዦች ተደበደቡ። የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ሰው ጆን ዶር ከፌዴራሉ ሕንፃ በመስኮት እያየ ድብደባውን ለዋሽንግተን በስልክ ይነግር ነበር። ሕግ ቅርብ ነበር፤ የሚደበደበውን ግን አላስጣለም። ዳኛ ፍራንክ ጆንሰን ጁን 2 ቀን በክላን ማኅበሮችና ተጓዦቹን ባልጠበቁት የከተማው ፖሊስ ሹማምንት ላይ እግድ ሰጡ፤ ጉዞውን ያዘጋጁትንም ማኅበሮች ለጊዜው አገዱ።

ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. በዳኛው ስም ተሰየመ፤ ጣቢያውም በ2011 ዓ.ም. ሙዚየም ሆነ። ሁለቱን ለያይቶ ማጥናት አይገባም። የፍርድ ቤትን አሠራር የሚመረምር ሰው፥ በሩ ምን ያህል እንደ ረዘመ ከመለካቱ ጋር፥ በደጁ ከተጠቃው ሰው እስከ ችሎቱ ያለውን ርቀትም መለካት ይኖርበታል።