በእርሳስ የተጻፈ ፍርድ፦ ተራው አንባቢና መጽሐፉ የመጣበት መንገድ

አንድ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ቅጂ አለኝ። ሽፋኑ ከወደቀ ቆይቷል፤ በቦታው ከሲሚንቶ ከረጢት የተቆረጠ ቡናማ ወረቀት በሙጫ ተለጥፎበታል። ጀርባው በወፍራም ክር ተሰፍቷል። የአከራዩ ማኅተም መጀመሪያው፣ መካከሉና መጨረሻው ላይ ተመትቷል፤ ገጽ ገንጥሎ ለሚመልስ ደንበኛ የተጠመደ ወጥመድ መሆኑ ነው። የገዛሁት ለገሃር አካባቢ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው። ዋጋ ስንከራከር «የተጻፈበት ስለሆነ ቀንሼልሃለሁ» አለኝ። እኔ ደግሞ የፈለግኩት የተጻፈበት ስለሆነ ነበር።

በኅዳጉ ላይ ቢያንስ የሦስት ሰው እጅ ይታያል። አንዱ በእስክሪብቶ የጻፈ ነው፤ ከገጸ ባሕርያቱ ፊታውራሪ መሸሻ ብቅ ባሉ ቁጥር ቃለ አጋኖ ይደረድራል። ሁለተኛው እርሳስ የያዘ፣ ፊደሉ ደቃቅ፣ ከሁሉም የተቆጣ አንባቢ ነው። በዛብህ ባመነታበት ቦታ ሁሉ «ፈሪ» ብሎበታል፤ አንድ ቦታ ላይ ስድቡ ከብዶት ይሁን አዝኖለት በላጲስ አጥፍቶታል፤ ግን ተጭኖ ስለጻፈው ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት አሁንም ይነበባል። ሦስተኛው ምንም አልጻፈም። ጉዱ ካሳ በሚናገርባቸው ገጾች ላይ ጥግ ጥጉን እያጠፈ አልፏል።

ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ፍርድ ምን ያደርገዋል? ዘሪሁን አስፋው በ«የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» ያስተማሩን ቋንቋ አለን፦ ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ጭብጥ፣ አንጻር። የኅዳጉ አንባቢ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ያዘኝ፣ ይጎትታል፣ ከበደኝ፣ ልብ ያንጠለጥላል። እኛ ሂስ ጸሐፊዎች ከእነዚህ ቃላት ጋር ያለን ግንኙነት ሁለት ዓይነት ነው። ወይ አንሰማቸውም፣ ወይ ደግሞ «ሕዝብ አይሳሳትም» ብለን እንሸነግላቸዋለን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ንቀት ይመስለኛል፤ የሸነገሉትን ሰው ማንም አይከራከረውምና። እኔ የምለው ሌላ ነው። «ይጎትታል» የሚለው ቃል ስለ መጽሐፉ የሚናገረውን ያህል መጽሐፉ በምን መንገድ አንባቢው እጅ እንደገባም ይናገራል፤ መንገዱን ሳናውቅ ፍርዱን መመዘን አንችልም።

በመንገድ ደረጃ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» የበለጠ ምስክር የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ብዙው ሰው ግን መጽሐፉን ያገኘው በጆሮው ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው። ዛሬም «አንብበኸዋል?» ሲባል «አዎ» የሚል ሰው ትንሽ ቢጠየቅ የሰማው ሆኖ ይገኛል፤ እንደዋሸም አይቆጠርም። ይህ በፍርዱ ላይ ያመጣውን ለውጥ እንይ። መጽሐፉ የሚጀምረው ከሰብለ ወንጌልና ከበዛብህ ፍቅር አይደለም። ከማንኩሳ መንደር ይነሣል፤ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ያጋባል፤ የልጃቸውን የበዛብህን ስለት ያስረዳል፤ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ የሚደርሰው እያዘገመ ነው። የኪራይ ቅጂዬ አንባቢ በዚህ ክፍል ጎን ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም መስመር አስምሮ «ዝለለው» ብሏል። ሬዲዮ የሰሙትን ስጠይቅ ግን ደጋግመው የሚያነሱልኝ ያንኑ ክፍል ነው። የውድነሽ በጣሙን ነገር እየሳቁ ይተርኩልኛል፤ አንዳንዶቹ ድምፅ ቀይረው።

ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ሐዲስ የሚጽፉት እንደሚያወጋ ሰው ነው። ዐረፍተ ነገራቸው ረጅም ነው፤ ይጠማዘዛል፤ ነገሩን ይደግማል፤ ለጆሮ የሚሆን እረፍት አለው። ያንን ወግ ዝም ብሎ በዓይን ለሚሮጥ ሰው ድግግሞሹ ሸክም ነው፤ ከትልቅ ተዋናይ አፍ ለሚሰማ ግን ለዛው እዚያ ላይ ነው። እንግዲህ «ዝለለው» ያለውና እየሳቀ የተረከልኝ ሰው የተለያየ ጣዕም ያላቸው ሰዎች ናቸው ከማለቴ በፊት፣ የተለያየ መጽሐፍ ደርሷቸዋል ብዬ ማሰብ አለብኝ። አንድ ነገር ግን አልሸሽም፤ ወጋየሁ የተከለልን ፍቅር መጽሐፉን ከነቀፋ አድኖታል። በዛብህን በመንገድ ላይ በሽፍታ እጅ የሚጥለው አጋጣሚ ከሴራ አንጻር የላላ ነው እላለሁ። ይህን በሰዎች ፊት በተናገርኩ ቁጥር የሚቆጡኝ የወጋየሁን ድምፅ የነካሁባቸው ያህል ነው።

የኪራዩ መንገድ ደግሞ ሌላ ዓይነት አንባቢ ይሠራል። መጽሐፍ የተከራየ ሰው መታወቂያ ወይም ገንዘብ አስይዞ በቀን ሒሳብ ይወስዳል። ስለዚህ የመጨረሻው ምስጋና «በአንድ ቀን ጨረስኩት» ነው፤ ይህ ሙገሳም ሒሳብም ነው። በዚህ ሚዛን ላይ የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» አስቀምጡት። በ1962 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ ክርክር ይበዛበታል፤ ገጸ ባሕርያቱ በየአነጋገራቸው ይናገራሉ፤ ደራሲው አንባቢውን እጁን ይዞ አይመራም። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ፤ በሦስተኛው የጨረስኩት ማስተማር ስለነበረብኝ ነው፣ ደሞዝ እየተከፈለኝ። ከዚያ ወዲህ ከምወዳቸው መጻሕፍት አንዱ ነው። ግን በቀን ሒሳብ ይዞት የነበረ ሰው «ከበደኝ» ብሎ በማግስቱ ቢመልሰው ሰነፍ የምለው በምን አፌ ነው? ከበደኝ ማለቱ እውነት ነው። የሚሳሳተው ክብደቱን የደራሲው ጉድለት ሲያደርገው ነው፤ እዚህ ላይ ሂስ ሥራ አለው፤ አጠገቡ ተቀምጦ የአንዱን ገጽ ክርክር ማን ለማን እንደሚናገረው ማሳየት።

የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። አዟሪዎች ከደረታቸው እስከ አገጫቸው ከተሸከሙት ክምር ላይ የማይጠፋ መጽሐፍ ሆነ፤ የተማረው ክፍል ግን የዐረፍተ ነገሩን ግነት እየጠቀሰ ናቀው። ግነቱ አለ፤ አልክድም። ሆኖም አንባቢው ጣና ላይ ሳይንስና ስለላ ሲገናኙ፣ ሐበሻ የረሃብ ፎቶግራፍ መሆኑ ቀርቶ የምሥጢር ባለቤት ሲሆን ማየት ፈልጎ እንደነበር ያየ ሂስ አላጋጠመኝም ማለት ይቻላል።

ሃንስ ሮበርት ያውስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1967 በኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ባሰማው ንግግር የሥነ ጽሑፍ ታሪክ በአንባቢው በኩልም መጻፍ አለበት ብሎ ነበር፤ አንባቢ ይዞት የሚመጣውን ግምት «የጥበቃ አድማስ» ብሎታል። ሐሳቡ ይጠቅመናል። የያውስ አድማስ ግን በዋናው ከቀደሙ መጻሕፍት የተሠራ ነው። የእኛ አንባቢ አድማስ ውስጥ የኪራይ ሒሳብ፣ የሬዲዮ ሰዓትና የጎደለ ገጽም አሉበት።

ፍርሃትም አለበት። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ሲያልፍ ኖረ። ስለዚህ «ኦሮማይ»ን ያነበቡ ሰዎች ሲያወሩ የሚቀድመው ጥያቄ «ይኼኛው ማን ነው?» የሚል ነው። እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ከአንድ የደርግ ባለሥልጣን ጋር ያገናኛሉ፤ ተራኪው የሚያፈቅራትን ፊያሜታን ሳይቀር «ነበረች» የሚሉ አሉ። በክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን ከዚህ ንባብ ለማላቀቅ ብዙ ደክሜያለሁ። ልብ ወለድ ነው እላለሁ፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ ለዘርፉ ስም እንዳወረሰ አስታውሳለሁ፤ ከልብ የተወለደን ነገር ከመዝገብ ቤት አትፈልጉት እላለሁ።

አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ «መንግሥትም እኮ እንደኛ ነው ያነበበው» አለኝ። መልስ አጣሁ። ልክ ነው። መጽሐፉን ያሰበሰቡት ሰዎች ስለ ተራኪው ስለ ፀጋዬ ኃይለማርያም የውስጥ ክፍፍል፣ መጽሐፉ በሚተርከው ዘመቻ ጫጫታና በአሥመራ ፍቅሩ መካከል ስለሚዋልለው ልቡ አልተጨነቁም። እነሱም «ይኼኛው ማን ነው?» ብለው ነው ያነበቡት፤ ልዩነቱ እነሱ መልሱ ላይ ሰው መቅጣት መቻላቸው ነው። ስለዚህ የተራውን አንባቢ ንባብ የዋህ ነው ብዬ ከመጣሌ በፊት፣ ያ ንባብ በዚያ ዘመን ሕይወትና ሞት የወሰነ ንባብ እንደነበረ መቁጠር ግዴታዬ ነው። ይህን ቆጥሬም ግን ቅሬታዬ አልጠፋም። የደራሲው ዕጣ መጽሐፉን ጋርዶታል። አንድ የተዋጣ የፍቅርና የጦርነት ልብ ወለድ እንደ ክስ ማስረጃ ብቻ እየተገላበጠ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ስለ አሥመራ ጎዳናዎቹ፣ ስለ ፈጣን ንግግሮቹ፣ ስለ ቀልዱ የሚያወራ ሰው ስንቱ ነው?

በትርጉም የገቡት ሕዝባዊ መጻሕፍት የራሳቸው ጉዳይ አላቸው፤ አንዱን ብቻ ላንሳ። ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቸልን እ.ኤ.አ. የ1936 ልብ ወለድ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ተረጎመው፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። መጽሐፉ በተወለደበት በአሜሪካ ዛሬ ብርቱ ነቀፋ ይቀርብበታል፤ የባሪያ አሳዳሪዎቹን የደቡብ ኑሮ እንደጠፋ ገነት ያሳያልና። ነቀፋው ትክክል ነው። አትላንታ ተወልዳ ያደገች የሐበሻ ልጅ ዛሬ መጽሐፉን ብታነሣ ከሁሉ በፊት የምታየው ይህንኑ ይሆናል። አማርኛው የተወለደበት እስረኛ ግን ስካርሌት ኦሃራን ያገኛት ከሌላ በኩል ነው፤ ቤቷ የተዘረፈ፣ ምድሯ የተመታ፣ ግን ለነገ የምታስብ ሴት ሆና። ሁለቱ ፍርዶች አንዱ አንዱን የሚሽር አይመስለኝም። የሁለቱም መነሻ ካልተነገረ ግን አንዱ አላዋቂ፣ ሌላው ግብዝ ሆኖ ይቀራል።

የእኛ የንባብ ባህል ለዚህ ስም አያጣም። የአንድምታ መምህር አንድን ቃል ፈትቶ ሲያበቃ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍች ይጨምራል፤ የፊተኛውን ሳያፈርስ። በጎንደር «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብለው የተለዩት ጉባኤዎች በዚሁ ሲከራከሩ ኖረዋል። ልዩነቱ እዚያ «አንድም» የሚለው ሰው ከማን እንደተማረ ይታወቃል፤ ቤት አለው። የኅዳጌ አንባቢ ቤት የለውም። ስሙን እንኳ አልጻፈም። መጽሐፍ ላይ መጻፍ ነውር ነው ተብለን ስላደግን በእርሳስ መጻፉ ራሱ ግማሽ ይቅርታ ነው።

ዛሬ ጆሮ ተመልሷል። ቤይሩትና ዱባይ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ልብስ እየተኮሱ፣ አዲስ አበባ የታክሲ ረዳቱ ተራ እየጠበቀ በስልክ ትረካ ይሰማሉ። ማዳመጫ የሰካ ሰው ግን ኅዳግ የለውም፤ ፍርዱን የሚያኖርበት ቦታ አይተርፈውም። ሂስ ከዚህ በኋላ እነዚህን ሰዎች ለማግኘት ቁጭ ብሎ መጠየቅ ሊኖርበት ነው፤ ለዚያ ሥራ የተዘጋጀን አይመስለኝም።

ወደ ቅጂዬ ልመለስና ልጨርስ። በመጨረሻው ሩብ ላይ አንድ ቅጠል ጠፍቷል፤ ማኅተሙ አላዳነውም። የጠፋውን ከመስመር ደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ አንድ ሰው ሙሉውን በእጁ ገልብጦ፣ ጠርዙን አስተካክሎ፣ ከሌሎቹ ጋር ሰፍቶታል። ለሚቀጥለው ተከራይ ማለት ነው። እጁ በኅዳጉ ላይ ከጻፉት ከሁለቱ የማንም አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሙሉ ቅጂ ጋር ቃል በቃል አመሳከርኩት። ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቀር ተጠንቅቆ ነው የገለበጠው፤ ከአንድ ዐረፍተ ነገር በስተቀር። እሱን ዘሎታል። ዓይኑ ስቶ ይሁን፣ ሳይወደው ቀርቶ ይሁን፣ እስከ ዛሬ ልለይ አልቻልኩም።