«በፊት» እና «በኋላ»፦ ከሁለቱ ፎቶዎች መሃል የጠፋው ዓመት

ኢንተርኔት ላይ ብዙ የምትቆዩ ከሆነ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አይታችሁ ይሆናል። በግራ ግንባሩ የሸሸ ወጣት፣ በቀኝ ያው ወጣት ጥቅጥቅ ካለ ፀጉር ጋር። አንዱ ላይ «በፊት»፣ ሌላው ላይ «በኋላ» ይላል። ከሥር ደግሞ ኢስታንቡል፣ ሆቴል፣ ከኤርፖርት የሚቀበል መኪና፣ ሁሉም በአንድ ሒሳብ። ዛሬ የምንተቸው ዋጋውን ሳይሆን ሁለቱን ፎቶዎች ነው። ማስረጃ ናቸው ከተባለ እንደ ማስረጃ ይመርመሩ!

መጀመሪያ የሚገባውን እንስጠው። የፀጉር ንቅለ ተከላ ተረት አይደለም። ብዙ ወንዶችን ራሰ በራ የሚያደርገው ዲኤችቲ የተባለ ሆርሞን የግንባርንና የአናትን ፀጉር ሥር ቀስ በቀስ ያቀጭጫል፤ የማጅራቱን ግን ብዙም አይነካም። ኖርማን ኦረንትራይክ የተባለ የኒው ዮርክ የቆዳ ሐኪም በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ከማጅራት ተነቅሎ ግንባር ላይ የተተከለ ፀጉር የማጅራት ጠባዩን ይዞ ይቀጥላል። ልብ በሉ፦ አዲስ ፀጉር አይፈጠርም፤ ያለው ቦታ ይቀይራል እንጂ።

ችግሩ መሃሉ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግንባር ሊያብጥ ይችላል፤ ፀጉር በተተከለበት ሁሉ ትንንሽ ቅርፊት ይሠራል። ሥሩ ቆዳውን በደንብ እስኪይዝ 10 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ እስከዚያ ማከክ የለም። ቀጥሎ ሰውን የሚያስደነግጠው ይመጣል፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ የተተከለው ፀጉር አብዛኛው ይረግፋል። «ገንዘቤ በላኝ» የሚያሰኝ ጊዜ ነው። ሥሩ ግን አልሞተም፤ ከደረሰበት ድንጋጤ እረፍት ላይ ገብቷል። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ወር መብቀል ይጀምራል። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ ውጤቱን ለመፍረድ ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ነው። ማስታወቂያው ይህን ሁሉ በአንዲት ቀጭን መስመር ዘለለው።

ያ ዓመት ደግሞ የሚያልፈው ኢስታንቡል ውስጥ አይደለም። ታካሚው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሸኛል። ከቆቦ የሄደ ሰው ቢሆን ቁስሉ የሚድነው ራያ ቆላ ላይ ነው፦ አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ በማሽላ ውቂያ አቧራ፣ በላብ መሃል። «ከፀሐይ ተከለል፣ አያልብህ» የሚል ወረቀት እዚህ ቀላል ምክር አይደለም። ቁስሉ ሳይድን ቅቤ መቀባትም አይሆንም። በተለይ መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ፦ መርገፉ የሚጠበቅ ነው፤ መግል፣ ትኩሳትና እየባሰ የሚሄድ ሕመም ግን የሚጠበቅ አይደለም። ያኔ ባሕር ማዶ መልእክት ልኮ መልስ መጠበቅ ሳይሆን ቆቦም ሆነ ወልድያ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ነው።

ሌላው ጥያቄ፦ የፎቶው ፀጉር የማን ነው? በጣም የሚጠቀለል ፀጉር ከቆዳ በላይ ብቻ አይደለም የሚጠቀለለው፤ ከቆዳ በታች ያለው ሥሩም ጎባጣ ነው። ሥሩን አንድ በአንድ የሚያወጣው መሣሪያ ቀጥ ብሎ ከገባ ሊቆርጠው ይችላል፤ የተቆረጠ ሥር ደግሞ ላይበቅል ይችላል። በጥቁር ቆዳ ላይ ኬሎይድ የሚባለው ያበጠ ጠባሳ የመውጣት ዕድሉም ከፍ ይላል። ስለዚህ የለስላሳ ፀጉር ፎቶ ለጎፈሬ ማስረጃ አይሆንም። የማጅራቱ ፎቶም ጎድሏል፤ ከዚያ የተነቀለው ተመልሶ አይተካማ!

«በፊት» የሚለውም ፎቶ ቢሆን የሚደብቀው አለው፦ መንስኤውን። ነሐሴ ላይ በሶለል የምናየው የራያ ልጃገረዶች ሹሩባ ውብ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጠብቆ የሚጎነጎን ፀጉር ግን ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ሊሳሳ ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት ሹሩባውን ማላላት ብቻ ሊመልሰው ይችላል፤ ለዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ጠፍቶ ጠባሳ ይተካዋል። ጉተታው ሳይቀር ንቅለ ተከላ ማሠራት አዲሱንም ፀጉር ለዚያው ጉተታ መስጠት ነው። ቆረቆር ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው የፈንገስ መድኃኒት እንጂ የአውሮፕላን ትኬት አይደለም።

እና ምን እናድርግ? ከትኬቱ በፊት የቆዳ ሐኪም መንስኤውን ይይ። ክሊኒኩን ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ እንደ እኔ ዓይነት ፀጉር ያለው ሰው ፎቶ፣ የማጅራቱን ፎቶ፣ እና የ2ኛውን ወር ፎቶ። የመጨረሻውን ለማሳየት የሚያመነታ ከሆነ፣ እናንተም ገንዘቡን ከመክፈል አመንቱ።