ከነፋስ ስልክ እስከ «ገመድ አልባ አውታረ መረብ»

ለዚህ ትችት መነሻ የሆነው ጽሑፍ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ፊልምና የቴሌቪዥን ሥርጭት ከኢንተርኔት እየተቀበለ የሚያሳይ፣ ነገር ግን የገመድ መሰኪያ ብቻ ያለው መሣሪያ ከቤት ዋይፋይ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የሚያስረዳ፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ መምሪያ ነው። ገጹን ያነበብነው በምዕራብ ጎጃም፣ ቡሬ ከተማ፣ በአንድ ጡረተኛ መምህር ቤት ነው። መምህሩ አማርኛን አሳምረው ያውቃሉ፤ ግእዙም አይጠፋቸውም። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አንብበው፣ የገባቸውን ያህል ሞክረው፣ በመጨረሻ ዲሽ የሚተክለውን ልጅ አስጠሩ። ልጁ ወረቀቱን ሳያይ በሩብ ሰዓት ጨርሶ ሄደ። የቋንቋ ዐዋቂ በገዛ ቋንቋው የተጻፈ መምሪያ አንብቦ ሥራው ካልተሳካለት፣ ጥፋቱን ከአንባቢው ላይ መፈለግ አይገባም።

ሥራው በራሱ ረቂቅ አይደለም። ትንሿ አገናኝ መሣሪያ ከመብራት ትሰካለች፤ የቤቱ ዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጣታል፤ ከዚያም በአጭር ገመድ ከማሳያው መሣሪያ ጋር ትያያዛለች። ይህችው መሣሪያ በሦስት ዓይነት መንገድ ልትሠራ ትችላለች፦ ከገመድ የተቀበለችውን በአየር ታሠራጫለች፤ ወይም ከአየር የተቀበለችውን ለገመድ ትሰጣለች፤ ወይም ከአየር የተቀበለችውን መልሳ በአየር ታስተጋባለች። ለመምህሩ ጉዳይ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነበር። መምሪያው ግን ይህን ሁለተኛውን «የደንበኛ ሁናቴ» ይለዋል።

በእንግሊዝኛው የሙያ ቋንቋ ቃሉ ከሌላ መሣሪያ አገልግሎት የሚጠይቀውን ወገን ያመለክታል። የአማርኛው «ደንበኛ» ግን ከአንድ ሱቅ ዘወትር የሚገዛ፣ ወይም የስልክና የመብራት ውል ያለው ሰው ነው። መምህሩም የተረዱት እንዲሁ ነው፤ ስለ ወርኃዊ ሒሳባቸው የሚናገር መስሏቸው አልፈውት የመጀመሪያውን መረጡ። መሣሪያዋም ያልተቀበለችውን ስታሠራጭ ዋለች። ሌላው ቃል «ወደብ» ነው። እንግሊዝኛው አንድ ድምፅ ያላቸውን ሁለት ቃላት ከላቲን ወርሷል፤ አንዱ የመርከብ ማረፊያ፣ ሌላው በር ማለት ነው። በመሣሪያው ጀርባ ያለው ቀዳዳ ከበሩ ወገን ሆኖ ሳለ ተርጓሚው መርከቡን መረጠ። «ገመዱን ከወደቡ ጋር አገናኝ» የሚል ትእዛዝ ምጽዋንና አሰብን ለሚያስታውስ አንባቢ ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልግም። «መሰኪያ» የሚለው ቃል «ሰካ» ከሚለው ግሥ በደንቡ ወጥቶ ተቀምጧል፤ ለምን እንደታለፈ አይገባንም።

ሰፋ ያለ ሐተታ የሚያሻው «ገመድ አልባ» ነው። «አልባ» ከግእዝ መጥቶ በአማርኛ የረባ ቅጥያ ነው፤ ነገር ግን «ወላጅ አልባ»፣ «መጠለያ አልባ» ስንል እንደሚሰማን፣ ሊኖር የሚገባው ነገር መታጣቱን ይናገራል። ስለ መሣሪያው የሌለውን እንጂ ያለውን አይነግረንም። የመምህሩ «ገመድ አልባ» መሣሪያ ከካርቶኗ ስትወጣ ሁለት ገመድ ይዛ ወጣች፤ አንዱ የመብራት፣ አንዱ የማገናኛ። መምሪያውም «ባለ ገመድ መሣሪያን ከገመድ አልባ አውታረ መረብ በገመድ ማገናኘት» ወደሚል አነጋገር ደርሷል።

አማርኛ ለዚሁ ጉዳይ ቀድሞ ሌላ ቃል ነበረው። «ስልክ» የዐረብኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙ ሽቦ፣ ክር ማለት ነው። ዐረቦች ሽቦ የማያሻውን መልእክት «ላሲልኪ» አሉት፤ ይኸውም «ስልክ የሌለው» ማለት ነው፤ እንግሊዞችም እንደዚሁ በማፍረሻ ቅጥያ ሰየሙት። የአዲስ አበባ ሰው ግን የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ የቆመበትን ሠፈር «ነፋስ ስልክ» አለው። ሽቦው አልጠፋም፤ ሽቦው ነፋስ ሆነ። ስሙ ዛሬም የክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኖ ይኖራል፤ ቃሉ ግን ከሥራው ተለይቶ የሠፈር ስም ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የራዲዮ ሞገድ ነፋስ አያሻውም የሚል ሳይንሳዊ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን በ1973 እ.ኤ.አ. «ኢተርኔት» የሚለውን ስም ያወጡት መሐንዲሶች፣ ብርሃንን ይሸከማል ተብሎ ሲታመን ከኖረውና ሳይንስ ከተወው «ኤተር» ነው የወሰዱት፤ ያውም ለገመዱ መገናኛ። በስም አወጣጥ ረገድ የእኛ ነፋስ ከእነርሱ ኤተር አያንስም።

በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በዚህ ሊወቀስ አይችልም፤ «ዋይፋይ» የሚለው ስም እንኳ የወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ወቀሳው ከዚያ በኋላ በስልክና በኮምፒዩተር ላይ አማርኛ የሚጭኑትን ይመለከታል። «አውታረ መረብ» ብለው የግእዝ ዘርፍ አያያዥ ሠሩልን። «አውታር» የበገና ጅማትና የድንኳን ገመድ ነው፤ ስለዚህ «ገመድ አልባ አውታረ መረብ» ሲተነተን «ገመድ የሌለው የመረብ ገመድ» ይሆናል። «መረብ» ብቻውን ይበቃ ነበር። «ዥረት» የሚለውን አንነቅፍም፤ ከጣሊያን «ኮረንቲ» ስንወስድም የወሰድነው የሚፈስ ነገር ስም ነበርና። «የይለፍ ቃል» ደግሞ ከዘብ ቤት የመጣ፣ ማንም የማይሳሳተው፣ የተሳካ ስያሜ ነው።

ዲሽ ተካዩ ልጅ የተናገረውን ጽፈን ይዘናል። የቤቱን ዋናውን መሣሪያ «ይህ ይለቃል» አለ፤ ትንሿን «ይህች ትስባለች» አለ። ሰው ከጎረቤቱ ኢንተርኔት ሲጠይቅ «ልቀቅልኝ» ማለቱ፣ ዲሽም ሥርጭት ሲይዝ «ሳበ» መባሉ በየከተማው የሚሰማ ነው። «መልቀቅ» ከመስኖ ውሃ የመጣ አነጋገር መሆኑን ለጎጃም ገበሬ ማስረዳት አያሻም። ስለዚህ ለሁለቱ አሠራሮች «ለቃቂ» እና «ሳቢ» እንዲባሉ፣ ለሦስተኛው «አስተጋቢ» እንዲሆን እናቀርባለን። «ሳቢ» በግእዝ ሰዋስው ውስጥ ሌላ ሥራ አለው፤ ደስ የሚልም ማለት ይሆናል፤ ነገር ግን መሣሪያ ፊት ለፊት ተቀምጦ «ሳቢ ዘር» የሚታሰበው ሰው ቢኖር ምናልባት የእኛ መምህር ብቻ ናቸው፤ እርሳቸውም ቃሉን ሲሰሙ ሳቁ እንጂ አልተቃወሙም።

የመምሪያው አንኳር ሐሳብ እንግዲህ በዚህ መልክ ሊጻፍ ይችል ነበር፦ «ትንሿን መሣሪያ ከመብራት ይሰኩ። አሠራሯን ሳቢ ያድርጉ። የቤትዎን ዋይፋይ ስም መርጠው የይለፍ ቃሉን ያስገቡ። አጭሩን ገመድ በአንድ ወገን ከእርሷ፣ በሌላው ወገን ከማሳያው መሣሪያ መሰኪያ ይክተቱ።»