አንድ ቲዩብ፣ ሁለት ጆሮ

«ጋሼ፣ ቴሌፉንከን ልግዛ ወይስ ሙላርድ?» ብሎ ደወለልኝ ሰሞኑን አንድ ልጅ። ቦትልሄድ ፈታትቶ የሚሸጠውን፣ ክራክ የሚባለውን የጆሮ ማዳመጫ ማጉያ ራሱ በይዶ ገጣጥሞ፣ ባለ 300 ኦሙን ሰንሃይዘር ኤችዲ 650 ሰክቶበታል። ብየዳውን በፎቶ ልኮልኝ አይቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነው። አሁን ትንሿን ቲዩብ፣ 12ኤዩ7ን፣ መቀየር አምሮታል።

«ሁለቱ ጎኖቿ እኩል ከሆኑ የፈለግከውን ግዛ» አልኩት። እንዳላረካሁት ከትንፋሹ ያስታውቃል። ሰው ስም ጠይቆ ስም ካልተሰጠው የተደበቀበት ነገር ያለ ይመስለዋል።

ምንም አልደበቅኩም። እዚያች አውራ ጣት በምታህል ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ትሪዮዶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ለግራ ጆሮ ያጎላል፣ ሌላው ለቀኝ። በስፒከር የሚያዳምጥ ሰው ሁለቱ ትንሽ ቢበላለጡ ግድ አይሰጠውም፤ ግድግዳው፣ መጋረጃው፣ የሶፋው አቀማመጥ ከዚያ የባሰ ያዛባበታል፤ ካልተመቸውም ወንበሩን ይስባል። ማዳመጫ ጭንቅላቱ ላይ ያጠለቀ ሰው የሚስበው ወንበር የለውም። የአንዱ ጎን ማጉላት ከሌላው በ12 በመቶ ቢበልጥ ልዩነቱ 1 ዴሲቤል ገደማ ነው። ወረቀት ላይ ኢምንት ነው። ጆሮ ላይ ግን ብዙነሽ በቀለ ከግንባርህ መሃል ተነሥታ ወደ አንዱ ቅንድብ ትጠጋለች። አንዴ ይህን ከሰማህ ደግሞ ሌላ ነገር መስማት ያቅትሃል።

በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ የምንጣላ ወዳጅ አለኝ። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፤ ምድር ቤቱን በቲዩብ ካርቶን ሞልቶታል። ለእሱ የቲዩብ ምርጫ የትውልድ ሐረግ ቆጠራ ነው፦ የትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ዘመን፣ ፕሌቱ ረጅም ነው አጭር። የብላክበርኑ ሙላርድ ድምፁ እንደ ጠጅ ይወፍራል፣ የኡልሙ ቴሌፉንከን ጥርት ይላል እያለ ይተነትንልሃል። ጆሮው መጥፎ አይደለም፤ ልዩነት የለም ብዬም አልከራከረውም። የምከራከረው፣ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ ያመጣትን ቲዩብ ግራና ቀኟን ሳይመዝን ስለሚሰካት ነው።

ስሙ ራሱ ምን ያህል ይታመናል? ፋብሪካዎቹ በደጉ ዘመናቸው እንኳን አንዱ ከሌላው እየገዛ የራሱን ማኅተም ያትም ነበር፤ እንግሊዝ ተሠርታ የአሜሪካ ስም የለበሰች ቲዩብ ሞልታለች። የብርጭቆው ጽሑፍ በአውራ ጣት ታሽቶ የሚለቅ ቀለም ነው፤ ታሽቶ የለቀቀ ደግሞ እንደ አዲስ ይታተማል። ስለዚህ ወዳጄም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጽሑፉን አይደለም የሚያነበው። ቴሌፉንከን ከሆነች ገልብጦ በእግሮቿ መሃል ብርጭቆው ላይ በቅርጽ የወጣችውን አልማዝ ይፈልጋል፤ የፊሊፕስ ቤተሰብ ከሆነች ከታች የተጫረችውን ኮድ በማጉያ መነጽር ያያል። ዛሬ ደግሞ ሙላርድና ታንግሶል የሚባሉት ስሞች ኒው ሴንሰር በተባለው የአሜሪካ ድርጅት እጅ ሆነው ሩሲያ ውስጥ ሳራቶቭ በሚሠሩ ቲዩቦች ላይ ይታተማሉ። ቲዩቦቹ ክፉ አይደሉም፤ ከብላክበርን ጋር የሚያገናኛቸው ግን ስሙ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ጦርነቱ ተነሥቶ ሩሲያ መላኩን ስታግድ ገበያው ምን ያህል እንደተደናገጠ የምናስታውስ እናስታውሳለን። ያን ሰሞን ስሎቫኪያ ቻድጻ ከሚሠራው ጄጄ ያገኘሁትን እየገዛሁ እየመዘንኩ ሰዉን ሳስተናግድ ከረምኩ። ማንም ተመልሶ አላማረረኝም።

አመዛዘኑን ልንገራችሁ። ድሮ አሜሪካ ውስጥ ቴሌቪዥኑ የተበላሸበት ሰው ቲዩቦቹን ነቅሎ መድኃኒት ቤት ይሄድና እዚያ በቆመው መሞከሪያ ራሱ ይፈትሻቸው ነበር። እኔም አሮጌ መሞከሪያ አለኝ፤ ነገር ግን የመርፌውን ልዩነት እንዳለ አላምነውም። በመሞከሪያው ላይ የሚታየው የጎኖቹ መበላለጥ ሙሉ በሙሉ ወደ ጆሮ አይደርስም፤ ከፕሌቱ በላይ ያለው ሬዚስተር ከፊሉን ያለዝበዋል። እውነቱ ያለው መሣሪያው ራሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቲዩቧን እዚያው ሰክቼ፣ ግማሽ ሰዓት አሙቄ፣ ለሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት የ200 ኸርዝ ድምፅ እሰጥና ማዳመጫው እንደተሰካ በመውጫው ላይ ቮልቱን እለካለሁ። 200 ያልኩት፣ ርካሽ መልቲሜትር ከዚያ ብዙ ከፍ ሲል መቀባጠር ስለሚጀምር ነው። ግራው 0.50 ብሎ ቀኙ 0.53 ካለ እሺ፣ ግማሽ ዴሲቤል ነው፤ ታልፋለች። 0.56 ካለ ወደ ካርቶኗ ትመለስ። ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን መነካካት ግን ለለመደ ሰው ብቻ ነው፤ እዚያ ያለው ቮልት ይገድላል።

መለኪያ የሌለው ሰው ሞኖ የሆነ የድሮ ቅጂ ይክፈት። ስቴሪዮ አይሆንም፤ ጊታሩ ወዲህ ሳክስፎኑ ወዲያ ሆኖ ጉዱን ይሸፍነዋል። ሞኖ ግን ሁሉንም መሃል ላይ ያቆማል፤ መሃል ካልቆመ አንድ ነገር ተዛብቷል። ያኔ ቲዩቧን ከመክሰስህ በፊት ማዳመጫውን ገልብጠህ አጥልቀው። ዘፋኙ እዚያው ጆሮህ ላይ ከቀረ ችግሩ የጆሮህ ነው። ወደ ሌላኛው ከዞረ የግቤት ገመዶቹን ግራና ቀኝ አቀያይራቸው፤ አብሮ ከዞረ ጥፋቱ ከማጉያው በፊት ነው። ቀጥለህ ቮሉሙን ከፍ አድርግ፤ ዝቅ ሲል ብቻ የሚያዘነብል ከሆነ ቮሉሙ ነው የሚያዳላው። ከዚህ ሁሉ የተረፈው የቲዩቧ ወይም የማዳመጫው ነው።

ሌላው ሌላው ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ከላይ ያለው የብር ቅብ ነጭ ከሆነ አየር ገብቶባታል፣ ጣሏት። በእርሳስ ጫፍ መታ መታ ስታደርጓት እንደ ደወል የምታቃጭል ለማዳመጫ አትሆንም። እግሯ ስለገጠመ ብቻ 12ኤኤክስ7 መሰካትም ትርፉ ጣጣ ነው፤ የማጉላት አቅሟ 100 ሆኖ፣ የ12ኤዩ7 ከ20 የማያልፍ ሆኖ፣ ሰርኪዩቱ ለሌላ ተሠርቶ ምን ሊሻል? ወዳጄ በጣም ውድ ውዱን የሚገዛላት ትልቋ የክራክ ቲዩብ፣ 6080ም፣ ጉልበት ነው የምትሰጠው፤ ለኃይል ማረጋጊያ የተፈጠረች፣ 2.5 አምፔር ለማሞቂያዋ ብቻ የምትውጥ ምድጃ ናት። ዘፈኑ የሚጎላው ትንሿ ውስጥ ነው። ገንዘብ ካላችሁ ለእሷ አውጡት፤ ደግሞ አንድ በስም ከምትገዙ አራት ስም የለሽ ገዝታችሁ መዝኑ።

ለምን እንዲህ ሙጭጭ እንዳልኩ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ልጅ ሳለሁ ቀኝ ጆሮዬ ክፉኛ ይታመም ነበር። እናቴ ጤና አዳም እየጨመቀች ታንጠባጥብልኝ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ሽታው ዛሬም አይጠፋኝም። ሕመሙ ለቀቀኝ፤ ጆሮው ግን እንደ ግራው አልሆነም። አሜሪካ መጥቼ የምሽት ፈረቃ ጋራዥ ውስጥ ስሠራ፣ ቤት የምገባው ባለቤቴና ልጆቹ ተኝተው፣ ግድግዳውም ስስ ሆኖ ነው። ዘፈን የምሰማው በማዳመጫ ብቻ ነበር። በስፒከር ያላስተዋልኩትን ያኔ ነው የሰማሁት፤ የማፈቅራቸው ዘፋኞች ሁሉ ወደ ግራ አዘንብለው ቆመዋል። ጥላሁን ገሠሠ እንኳን ሳይቀር። ሐኪም ቤት ሄጄ ጆሮዬን አስለካሁ፣ ወረቀቱ ላይ የቀኙ መስመር ከግራው ዝቅ ብሎ ወጣ፣ «የዕድሜ ልክ ነው፣ ኑሮን አያውክም» ተባልኩ። ኑሮን ስለማወክ የነገረኝ ሰው ጥላሁንን አያውቀውም።

እኔም በምሰማበት ክራክ ላይ የግራና ቀኝ ማመጣጠኛ ቁልፍ የለም። ስለዚህ ለሌላው ሰው እኩል የሆነችውን ስመርጥ፣ ለራሴ የተጣለችውን ፈለግኩ፤ ቀኟ ከግራዋ የሚበልጥ፣ በልኩ የሚበልጥ። የካርቶኑን ቲዩብ አንድ በአንድ እየሰካሁ፣ ያንኑ ዘፈን እየደጋገምኩ፣ አንዷ ላይ ስደርስ ጥላሁን ተነሥቶ መሃል ላይ ቆመ። ማን እንደሠራት አላውቅም፤ ጽሑፏ ታሽቶ ጠፍቷል፣ ከታችም ኮድ የላትም። ለማንም አልሸጣትም፤ ደግሞም ከእኔ በቀር ለማንም አትሆንም።

ወዳጄ አንድ ቅዳሜ ቤቴ መጥቶ ማዳመጫውን አጠለቀ። ሁለት ደቂቃ እንኳን አልቆየም፣ አውልቆ «ዘፋኙን ወደ ቀኝ ገፍታዋለች፤ ይቺ ቲዩብህ አልቆላታል» አለኝ። የጆሮዬን ነገር አልነገርኩትም። ከእነዚያ ካርቶኖቹ አንዷን ቴሌፉንከን በወዳጅ ዋጋ ሊሸጥልኝ እስከዛሬ ይጨቀጭቀኛል።