የመሣሪያው ቋንቋና የቋንቋው ባለቤት፦ ለአማርኛ የትርጉም ፕሮግራም ቋንቋ ስለ መምረጥ የቀረበ ሂስ

በሰሜን ምዕራብ ቶሮንቶ በሚገኘው የሬክስዴል ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የደረሳቸውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በስልካቸው ባለ መተርጎሚያ ወደ አማርኛ አስመልሰው ነበር። ደብዳቤው የስደተኝነት ጥያቄያቸው የሚሰማበትን ቀን የሚያስታውቅ ነው። መተርጎሚያው ግን የጉዳይን መሰማት የጆሮ መስማት አድርጎ ስለ ተረጎመው፣ እኒህ እናት ለጆሮ ምርመራ የተጠሩ መስሏቸው «ጆሮዬ ደኅና ነው» ብለው ደብዳቤውን አስቀመጡት። ጎረቤት ባይደርስላቸው ኖሮ ቀኑ ባለፋቸው ነበር። ስሕተቱን ያየን ሁሉ እንዴት እንደሚታረም እናውቃለን፤ ለማረም ግን በሩ የት እንዳለ አናውቅም። መሣሪያው የሌላ ነው፤ ውስጡም ዝግ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥቂቶቻችን በአልቢየን መንገድ ባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበን፣ ምንጩ ክፍት የሆነ፣ ማለትም ማንም ሊያነበው፣ ሊያርመውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል የትርጉም ፕሮግራም ስለ መጀመር ተነጋገርን። ከውይይታችን አብዛኛውን ጊዜ የወሰደው ግን መዝገበ ቃላቱም ሰዋስዉም አልነበረም፤ ፕሮግራሙ በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ነበር። ወጣቶቹ ፓይተን አሉ፤ በምሕንድስና የኖሩት ሲ ፕላስ ፕላስ አሉ፤ ጃቫን የሚደግፉም አልታጡም። የቋንቋ ሊቃውንቱ ደግሞ «ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ ነው» ብለው ዝም አሉ። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንኑ ዝምታ ነው። በእኛ አስተያየት የፕሮግራም ቋንቋ ምርጫ በማዕዱ ላይ ማን እንደሚቀርብና ማን ከደጅ እንደሚቀር የሚወስን ስለ ሆነ፣ ለባለሙያዎች ብቻ ሊተው አይገባም።

ሀ. ፊደል በመሣሪያው ዓይን

አንባቢያን እንደሚያስታውሱት፣ የስደት መጽሔቶቻችን በ1990ዎቹ በኮምፒዩተር መታተም ሲጀምሩ እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር የራሱን የቁጥር አሰጣጥ ይከተል ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ይህ ችግር መሠረታዊ መፍትሔ አገኘ። ሆኖም የፕሮግራም ቋንቋዎች ሁሉ ዩኒኮድን በእኩል አይን አላዩትም። በቀድሞው ፓይተን 2 «ሰላም» የሚለው ቃል እንደ ተራ ጽሑፍ ሲቆጠር 9 ይባል ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደላችን በተለመደው የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 የወጣው ፓይተን 3 ግን ያንኑ ቃል 3 ብሎ ይቆጥረዋል፤ አንድ የየኔታ ተማሪ እንደሚቆጥረው ማለት ነው።

ጃቫ ከ1995 ጀምሮ ዩኒኮድን የተቀበለ ቢሆንም ፊደልን የሚለካው በ16 ቢት ስፍር ነው። ለአማርኛና ለትግርኛ ይህ አይጎድልም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 የተጨመሩት የጉራጊኛ ፊደላት ከዚህ ስፍር ውጭ ስለ ተመደቡ፣ በጃቫም ሆነ በጃቫስክሪፕት ተራ አቆጣጠር አንዱ ፊደል ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ጥንቃቄ ያላደረገ ፕሮግራም ጸሐፊ ፊደሉን ከመካከሉ ሊቆርጠው ይችላል። ዛሬ በአማርኛ ስም የምንጀምረው ሥራ ነገ ለጉራጊኛ መንገድ የሚዘጋ ከሆነ፣ ከሌሎች የደረሰብንን ቸልታ እኛው በወንድሞቻችን ላይ ደገምነው ማለት ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ጠልቆ የሚሄደው የሰዋስው ነገር ነው። ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባበረ፣ አሰበረ የሚሉት ሁሉ ከአንድ ሥር ይወጣሉ፤ ሥሩ ግን በፊደላችን ውስጥ ከአናባቢው ጋር ተጣብቆ ተሰውሯል። እዚህ ላይ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ አሠራር ይረዳናል። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ስለ ተሰጠ፣ የፊደሉ መለያ ቁጥር ለ8 ሲካፈል የሚቀረው ቁጥር፣ ከዲቃሎቹ ጥቂት ልዩነት በቀር፣ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ያለውን መደብ ይነግረናል። የሰ ቁጥር 4656 ነው፤ ለ8 ሲካፈል ምንም አይቀርም፤ ስለዚህ ግዕዝ ነው። የስ ቁጥር 4661 ነው፤ 5 ይቀራል፤ ስለዚህ ሳድስ ነው። ሰበረን ወደ ሳድስ መልሶ ስ፣ ብ፣ ር የሚለውን ሥር ለማውጣት የሚያስፈልገው ይህ ቀላል ስሌት ነው። ስሌቱን በማንኛውም ቋንቋ መጻፍ ይቻላል፤ ጥያቄው የተጻፈውን ማን ሊያነበው ይችላል የሚለው ነው።

ለ. ያለፉት ሥራዎች ምን ያስተምሩናል?

በዚህ መንገድ የተጓዝን የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ሴራ የተባለውን፣ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ወክሎ መልሶ ሳይጎድል የሚያወጣውን ሥርዐት አዘጋጁ። ዳንኤል ያዕቆብ ከዚያም በፐርል ቋንቋ ለኢትዮጵያ ፊደልና አኃዝ የሚያገለግሉ ሥራዎችን ለሕዝብ ክፍት አድርገው አቅርበዋል። በዚያ ዘመን ጽሑፍን ለመመርመር ከፐርል የተሻለ አልነበረም፤ ምርጫው ትክክል ነበር። ዛሬ ግን ፐርልን አጥንቶ የሚመጣ ወጣት በመካከላችን ብዙ አናገኝም። ሥራው አልሞተም፤ ወራሹ ግን ሳስቷል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በስዊድን በቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ማርቆስ ካሳ ጎበና የአማርኛን ሰዋስው ግራማቲካል ፍሬምወርክ በተባለው ሥርዐት ጽፈው፣ ምንጩን ክፍት አደረጉት። ሥርዐቱ ለሰዋስው ተብሎ የተፈጠረ ቋንቋ ስለ ሆነ ሕጎቹ በጣም አጭርና ጥርት ያሉ ናቸው፤ ለትክክለኛነት ከዚህ የሚበልጥ አላየንም። ጉድለቱ ቋንቋውን የሚያውቁት በዓለም ላይ ጥቂቶች መሆናቸው ነው። የሚያነበው ያጣ ድንቅ ሰዋስው በገዳም ዕቃ ቤት እንደ ተቆለፈ ብራና ይሆናል።

የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት የሚተነትነውን ሆርንሞርፎን በፓይተን ጻፉት። «አልነገርኳቸውም» የሚለውን አንድ ቃል ብንሰጠው ሥሩን፣ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን ለይቶ ያወጣል፤ እንግሊዝኛው ይህን ለማለት አምስት ቃል ያስፈልገዋል። በዚህ ሥራ እጅግ የምናደንቀው ግን የቋንቋው እውቀት፣ የሥሮቹ ዝርዝርና የቃላት አረባብ ሕግ፣ ከፕሮግራሙ ተለይቶ በተራ የጽሑፍ ፋይል መቀመጡ ነው። የምንነቅፈውም አለን። በቀደሙት ቅጂዎቹ የውስጥ ሥራው የሚካሄደው በላቲን ፊደል ስለ ነበር፣ ፊደል አዋቂው ሊቅ ዝርዝሩን ከፍቶ ሲያይ የገዛ ቋንቋው እንግዳ ይሆንበታል። ከዚህም ጋር የተያያዘ፣ በአማርኛ ላይ የሚሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች የጋራ ልማድ የሆነ ነገር አለ፤ ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ጋር አንድ ማድረግ ነው። ለፍለጋ ይመቻል። ነገር ግን ሠረቀ ብሎ የፀሐይን መውጣት፣ ሰረቀ ብሎ ሌብነትን የለየውን የግእዝ ጸሐፊ ሥራ ለመተርጎም ለሚነሣ ሰው ጉዳት ነው። ማቅለል ቢያስፈልግ እንኳ የመጀመሪያው አጻጻፍ ሳይጠፋ መቀመጥ አለበት።

ከውጭው ዓለም ደግሞ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ኦፕንኤንኤምቲ የተባለው ክፍት የትርጉም ሥርዐት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ሲወጣ የተጻፈው ቶርች በተባለው መሠረት ላይ፣ በሉዋ ቋንቋ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የተመራማሪው ዓለም ወደ ፓይተን ሲያዘነብል የሉዋው ቅጂ መታደሱ ቀረና ሥራው በፓይተን እንደ አዲስ ተጻፈ። ትልልቅ ተቋማት ከኋላው የነበሩት ሥራ እንዲህ ከሆነ፣ በማታና በቅዳሜ የሚሠሩ ስደተኞች በተሳሳተ ምርጫ የሚደርስባቸውን መገመት አያዳግትም። በአንጻሩ ከስፔን የአሊካንቴ ዩኒቨርሲቲ የተነሣው አፐርቲየም ሞተሩን በሲ ፕላስ ፕላስ፣ የቋንቋ እውቀቱን ግን በተለየ የኤክስኤምኤል ፋይል አስቀመጠ። ሞተሩን የማያውቁ የየቋንቋው ተናጋሪዎች መዝገቡን እያሰፉ ብዙ የቋንቋ ጥንዶችን ሊጨምሩ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ. ስለሚነሡት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ዛሬ ትርጉም የሚሠራው ከብዙ ጽሑፍ በሚማር ማሽን ነው፤ የሰዋስው ሕግም የፕሮግራም ቋንቋም ዋጋ የለውም» የሚል ነው። ጉግል አማርኛን እ.ኤ.አ. በ2016 ከመተርጎሚያው ጋር ማዋሐዱ፣ ሜታም በ2022 አማርኛን ጨምሮ 200 ቋንቋዎችን የሚተረጉም ሞዴል ማውጣቱ እውነት ነው። ይህ ትልቅ እርምጃ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የሜታው ሞዴል እንኳ የተለቀቀው ለንግድ እንዳይውል በሚከለክል ፈቃድ ነው፤ የአንዱን ቃል ስሕተት ከውስጡ ነቅሶ ማረምም ቀላል አይደለም። የእኒያን እናት ደብዳቤ የሚያቃና ሥራ ሁለቱንም ይሻል፤ ከጽሑፍ የተማረ ሞዴልም፣ «በፍርድ ጉዳይ ደብዳቤ ውስጥ ይህ ቃል እንዲህ ይተርጎም» የሚል በሰው እጅ የተጻፈ መዝገብም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ፓይተን ቀርፋፋ ነው የሚል ነው። ቀርፋፋ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከባዱ ስሌት የሚሠራው ከሥሩ ባለው በሲ ፕላስ ፕላስ በተጻፈ ክፍል ነው፤ ፓይተን ለሰው የሚታየው ፊት ነው። እኛን የሚያሳስበን ሌላው ጉድለቱ ነው። የፓይተን 2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 ሲያበቃ በእርሱ የተጻፈው ሁሉ ወይ ታደሰ ወይ ተጣለ። ዛሬ የምንመርጠውም አንድ ቀን እንዲህ ይሆናል።

ሦስተኛው፣ ከልብ የምናከብረው ተቃውሞ፣ ከሊቃውንቱ የመጣ ነው፤ «የገዛ ቋንቋችንን ለመጠበቅ የባዕድ ቋንቋ መማር አለብን ወይ?» የሚል። መልሳችን አይደለም ነው። ፓይተን 3 የስያሜዎችን በፊደላችን መጻፍ ይፈቅዳል፤ ሥር፣ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ አንቀጽ የሚሉት ስያሜዎች በፕሮግራሙ ውስጥ እንደ ወረዱ ሊገቡ ይችላሉ። ከዚህ በላይ ግን የሊቃውንቱ ድርሻ ፕሮግራም መጻፍ አይደለም። «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ የጊዜ ቃል መሆኑን፣ «ዋና» ሲጠብቅ ዐቢይ፣ ሲላላ የውኃ ዋና መሆኑን ፊደላችን አይጽፈውም፤ ማሽኑም ከራሱ አያውቀውም። ይህን የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። በሬክስዴል ፓይተን የሚጽፈው ወጣት ብዙ ጊዜ ፊደል አንብቦ አይጨርስም፤ ፊደል የሚያነቡት አባት ደግሞ ፓይተን አያውቁም። ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ አሠራር እስካልተገኘ ድረስ የቋንቋው ምርጫ ብቻውን አይረዳም።

መደምደሚያ

መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ሳሉ ሲደክሙበት ኖሩ፤ ሕትመቱን ሳያዩ ዐለፉ። አደራውን የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ ሥራውን አዘጋጅተው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ሦስት ትውልድ ሊቀባበለው የቻለው ለምንድን ነው? ሁለተኛው የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን እጅ ጽሑፍ ማንበብ ይችል ስለ ነበረ ነው። እኛም ለመሣሪያችን የምናቀርበው ፈተና ይኸው ነው፤ እኛ ስንሄድ የሚመጣው ሰው ሊያነበው ይችላል ወይ?

ስለዚህ ከክርክሩ በኋላ የደረስንበት አቋም እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ በፓይተን 3 ይጻፍ፤ ፓይተን ከሁሉ ስለሚበልጥ ሳይሆን፣ ዛሬ በመካከላችን ብዙ ሰው የሚያነበው እርሱ ስለ ሆነና ፊደላችንን እንደ ፊደል ስለሚቆጥር ነው። የቃላት መዝገቡ፣ የአረባብ ሕጎቹና የመጥበቅና የመላላት ምልክቶቹ ከፕሮግራሙ ተለይተው፣ በኢትዮጵያ ፊደል፣ ማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ በሚከፍተው ተራ ፋይል ይቀመጡ። ፕሮግራሙ መሥራቱ የሚረጋገጥባቸው የፈተና ዐረፍተ ነገሮች በሊቃውንቱ ይጻፉ፤ ከእነርሱም የመጀመሪያው የእኒያ እናት ደብዳቤ ይሁን። ፓይተን ሲያረጅ በሌላ ይለወጣል፤ መዝገቡና ፈተናው ግን ሳይነኩ ለተረካቢው ይተላለፋሉ።

ይህ አቋም ከሂስ በላይ አይደለም። ሲ ፕላስ ፕላስን የመረጡት ባልደረቦቻችን እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ጋብዘናቸዋል። ከአንባቢያን የምንጠብቀው ግን ሌላ ነው። የትግርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የጉራጊኛና የግእዝ አዋቂዎች የሆናችሁ ሁሉ «ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ ነው» በማለት አትለፉት። ፋይሉ ክፍት ነው፤ ፊደሉም የእናንተው ነው።