ገልብጦ የሚያይ ገዢ

ሰልባጅ ልብስ የሚመዘነው ከውስጥ በኩል ነው። የውጭው ፊት ታጥቦና ተተኩሶ ሊያምር ይችላል። ገልብጣችሁ ስፌቱን ስታዩት ግን ሠሪው ምን ያህል እንደተጠበበበት፣ ለባሹ ምን ያህል እንደለፋበት፣ ገና ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዓለም ከተማ በገበያ ቀን ቦንዳ ሲፈታ ቆሞ ላየ፣ ይህን የሚያውቁ ገዢዎች ከሩቅ ይለያሉ። ሌላው ቀለም አይቶ ሲሻማ እነሱ እጅጌ ይገለብጣሉ።

እኔ ከሁሉም በላይ የማደንቀው የባላገር እናቶችን አመራረጥ ነው። ከመንዝ በኩል የመጡ አንዲት እናት ጥቁር ካፖርት አንስተው ሲያገላብጡ ተመልክቻለሁ። መለያውን ዘወር ብለው አላዩትም። ጨርቁን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹት፤ ጨምድደው ያዙና ለቀቁት፤ ወዲያው ተዘረጋ። ከዚያ ብብቱን ወደ ፀሐይ አንስተው በውስጡ አሻግረው አዩ። “የበግ ነው፤ ግን ሳስቷል” አሉ። ሻጩ “እናቴ፣ እቀንስልዎታለሁ” ቢላቸው፣ “ልጄ፣ የሳሳ ጨርቅ በዋጋ አይወፍርም” ብለው አስቀመጡለት።

ይህ ዓይን ከእንዝርት የመጣ ነው። ጥጥ ፈትለው ለሸማኔ የሰጡ፣ ጋቢው ሲመለስ ድርና ማጉ መጥበቁን በጣታቸው የመረመሩ ሰዎች ከውጭ አገር የመጣ ኮት ፊትም አይደናገራቸውም። በመንዝ ደግሞ ባናና በርኖስ የሚሠሩት ከዚያው ከአገሩ በግ ጠጉር ነው፤ እውነተኛ ሱፍን ከፖሊስተር ለመለየት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ሰልባጅ መምረጥ የከተማ ወጣት ጥበብ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያዩ እወዳለሁ።

እጁ ለሱፍ ያልለመደ ሰው በእሳት ይፈትን። ከእጥፋቱ ሥር አንዲት ክር መዝዛችሁ፣ ሻጩን አስፈቅዳችሁ፣ ክብሪት አስነኳት። የበግ ሱፍ ከሆነች የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ ነበልባሉም ቶሎ ይጠፋል፤ የቀረው አመድ በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር እንክብል ሆኖ ይቀራል። የሱፍና የፖሊስተር ድብልቅ ከሆነ ሁለቱንም ያሳያል፤ ድብልቅ ሁሉ መጥፎ አይደለም፣ በሱፍ ዋጋ መሸጡ ነው መጥፎው።

ሱፍ ለሚወዱ አንድ ምልክት ልጠቁም። በኮቱ የውስጥ ገበር ላይ፣ አናቷ ላይ መስቀል ያለባት ሉል የተሳለችበት ትንሽ የጨርቅ መለያ ካገኛችሁ፣ በእጃችሁ ያለው ሃሪስ ትዊድ ነው። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች የሚሠራ ጨርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ የብሪታንያ ሕግ እንደሚደነግገው፣ ይህን ስም ለመያዝ ከንጹሕ የበግ ሱፍ እዚያው ደሴቶቹ ላይ መፈተል፣ በነዋሪውም በገዛ ቤቱ በእጅ መሸመን አለበት። ብርዳም ደጋ፣ በግና ቤቱ ተቀምጦ የሚሸምን ሰው መንዝም አሉት። ባናችን እንዲህ ያለ መለያ ተሰፍቶለት፣ በሕግ ተከብሮ ባየሁ! ትዊዱ ሲነኩት ሻካራ ነው፤ ባና ተከናንቦ ላደገ ሰው ግን ሻካራነት ጉድለት አይደለም።

ኮት ስትመርጡ ከደረቱ ጀምሩ። ከታችኛው ቁልፍ አጠገብ የውጩን ጨርቅና ገበሩን ለያይታችሁ ቆንጥጡ። በመካከላቸው ለብቻው የሚንሸራተት ሦስተኛ ጨርቅ ከተሰማችሁ በመርፌ የተያዘ ጥሩ ሥራ ነው፤ ከለባሹ ገላ ጋር እየተስማማ ይሄዳል። ሦስተኛው ካልተሰማችሁ በሙጫ የተለጠፈ ነው። እሱም ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሙጫው ከለቀቀ ደረቱ ላይ ትንንሽ እብጠት ይወጣል፣ ያንን ደግሞ ካውያ አይመልሰውም።

ሸሚዝ ላይ ስፌቱን ቁጠሩ። ግሩም ሸሚዝ ላይ መርፌዋ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሰባት ስምንት ጊዜ ወግታለች፤ ተራው ላይ አራት ገደማ። ባለ መስመር ከሆነ የኪሱ መስመር ከደረቱ መስመር ጋር ይግጠም። ለማጋጠም ጨርቅ ይባክናል፣ ጊዜም ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚቸኩል ፋብሪካ አያደርገውም። ኮሌታውን ገልብጡ፣ መታጠፊያው ላይ ካለቀ ተዉት። ሱሪ ሲሆን ጉልበቱና መቀመጫው ያብለጨልጭ እንደሆነ በብርሃን እዩ፤ እግሮቹ የሚገናኙበትን ቦታ በጣታችሁ ዳስሱ፣ መጀመሪያ የሚሳሳው እዚያ ነው። ዚፑን ሦስት አራት ጊዜ ክፈቱና ዝጉት። ሹራብ ከሆነ ብል የበሳው እንዳይሆን ዘርግታችሁ ወደ ሰማይ አንስታችሁ እዩት።

ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ነው፤ ያም ሆኖ በምሥራቁ በር፣ በጅግጅጋና በድሬዳዋ እያለፈ መርካቶ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ዓለም ከተማ የሚመጣው ደግሞ በሙከ ጡሪና በለሚ አድርጎ፣ የጀማን ቁልቁለት ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ ነው። በየደረጃው ምርጡ ተለቅሟል የሚል ቅሬታ እሰማለሁ፤ እኔ ግን በሙሉ አልስማማም። በመንገዱ ላይ የሚለቅሙት ስም ያለውን መለያ ነው። መለያው የተቀደደ፣ ጨርቁ ግን ጨዋ የሆነ ልብስ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ያልፋል። የሚያውቅ ገዢ ያለበት ገበያ ቢርቅም አይጎዳም።

ዓለም ከተማ ሌላም ዕድል አላት። ከጀማ ቆላ የወጣው ገዢ ቀላል የጥጥ ሸሚዝ ሲፈልግ፣ ከመንዝ ደጋ የመጣው ውርጭ የሚመክት ወፍራም ነገር ይሻል፤ አንዱ ያልነካው ክምር ለሌላው ይተርፋል። ካፖርት የምትሹ የጥቅምትንና የኅዳርን ውርጭ ቀድማችሁ ግዙ።

ልብሱ ላይ የተጻፈውን የመጠን ቁጥር ብዙ አትመኑት። በሴቶች ልብስ የጀርመን 38 በፈረንሳይ 40፣ በጣሊያን 44፣ በእንግሊዝ 12 ነው፤ የወንድ ኮት ላይ የአውሮፓው 50 የእንግሊዙ 40 ነው። በዚያ ላይ ታጥቦ የጠበበ ይኖራል። ስለዚህ ከቤት የሚስማማችሁን ልብስ ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን ለኩ።

የኮቱ ትከሻ ልክ ካልሆነ አትግዙ፤ ትከሻ ማስተካከል ኮቱን ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው። የሱሪ ወገብና የእጅጌ ርዝመት ግን ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚያልቁ ናቸው። ሰፊው የሚያስረዝመው ትርፍ ጨርቅ ሲኖር ስለሆነ፣ እጥፋቱ ውስጥ ስንት ጣት እንደቀረ አስቀድማችሁ እዩ። የሰፊውን ዋጋ ከልብሱ ዋጋ ጋር ደምራችሁ ነው መከራከር ያለባችሁ።

ቤት ስትገቡ ጥጡን በፈላ ውሃ እጠቡት፤ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ በትኩስ ካውያ ተኩሱት። ሱፉን ግን የፈላ ውሃ አታስነኩት፣ ይኮማተራል። በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ነክራችሁ፣ ሳትጠመዝዙ ጨመቅ አድርጋችሁ፣ ጥላ ሥር ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጉት፤ ገመድ ላይ ከተሰቀለ በገዛ ውሃው ክብደት ይለጠጣል።