የተዘለለው የፍቅር ክፍል

ቲሩኩራል በታሚል ቋንቋ የተጻፈ፣ 1,330 ባለ ሁለት ስንኝ ግጥሞችን የያዘ የደቡብ ሕንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። ባለቅኔው ቲሩቫሉቫር በሦስት ከፍሎታል፦ በጎነት፣ ሀብትና አስተዳደር፣ ፍቅር። ጄስዊቱ ሚስዮናዊ ቤስኪ እ.ኤ.አ. በ1730 ወደ ላቲን ሲመልሰው የፍቅሩን ክፍል ተወው። ሌላው ሚስዮናዊ ጂ. ዩ. ፖፕ ግን በ1886 ሙሉውን በእንግሊዝኛ አወጣው። እኔ ከፖፕ ጋር ነኝ።

የበጎነቱ ክፍል ስለ ትዕግሥት፣ ስለ መልካም አንደበት፣ እንግዳ ስለ መቀበል ያስተምራል። ድምፁ የመምህር ነው፤ እውነቱን ለመናገር በተከታታይ ሲነበብ ያደክማል። በፍቅሩ ክፍል መምህሩ ዝም ይልና ፍቅረኛዋ ርቆ የሄደባት ሴት ትናገራለች። ከመክሳቷ የተነሣ አምባሯ ከክንዷ ይወልቃል፤ ከገዛ ልቧ ጋር ትሟገታለች። በፊት በምክር መልክ ያነበብነው ትዕግሥት እዚህ ሥጋ ለብሶ ሲያምመው እናያለን። የመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ ኩርፊያ! እርቁን ስለሚያጣፍጥ የፍቅረኞች ኩርፊያ።

ቤስኪም እኮ መኃልየ መኃልይ ያለበትን መጽሐፍ ቅዱስ ነበር የያዘው። እኛም ያንኑ ይዘን በዚህ ክፍል የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም። በወጣቶች የንባብ ጊዜያችሁ ካነሣችሁት ከ109ኛው ምዕራፍ ጀምሩ፤ የፍቅሩ ክፍል የሚከፈተው እዚያ ነው።